አንድ ድምፅ የጎደለ ዕለት

አንሰል ታርቦክስ ስለ ሚስቱ ወንድም ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚመልሳት አንዲት መልስ ነበረችው፤ «እግሬን ወስዶ እህቱን ሰጠኝ፤ አልከሰርኩም።»

ነገሩ እውነት ነው። በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ጊዜ ሊያንደር ዊትሎው የክፍለ ጦሩ ሐኪም ነበር። አንሰልን ከአርካንሳስ ጭቃ ውስጥ ጎትቶ አወጣውና የተሰባበረ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች በመጋዝ ቆረጠው። ከዚያም ካንሳስ ድረስ ወደ ራሱ ቤት ልኮ አስታመመው። ያጎረሰችው፣ ያጠበችው፣ በእንጨት እግር መራመድ ያስተማረችው የሊያንደር እህት ቴምፐራንስ ነበረች። ጦርነቱ ሲያልቅ ተጋቡ፤ አንሰልም ዊሎ ፎርድ በምትባለው ትንሽ ከተማ የኮርቻ መሥሪያ ከፈተ።

ለሦስት ዓመት ያህል በሰላም ኖሩ። እሑድ እሑድ ሊያንደር እየመጣ በቆሎ ዳቦና የአሳማ ጥብስ አብሯቸው ይበላል፤ ሁለቱ ወንዶች በረንዳው ላይ ትንባሆ እያጨሱ ያመሻሉ። ሁለቱም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ዊሎ ፎርድ ውስጥ ሪፐብሊካን ያልሆነ ሰው ማግኘት ዓሣ ዛፍ ላይ እንደ መፈለግ ነበር።

ያጣላቸው ፕሬዚዳንቱ ነው። ጦርነቱን ያሸነፈው ፕሬዚዳንት ተገድሎ ምክትሉ ወንበሩን ከወረሰ ወዲህ፣ አዲሱ ሰውዬ ለደቡብ ዐማፅያን አለቆች ምሕረት ያድላል፣ ከባርነት ለወጡት ጥቁሮች የሚወጣውን ሕግ አልፈርምም ይላል፣ በመጨረሻም ምክር ቤቱን ንቆ የጦር ሚኒስትሩን አባረረ። ያኔ ተከሰሰ። ሴኔቱ ለፍርድ ተቀመጠ፤ ከሦስት እጅ ሁለት እጁ «ጥፋተኛ ነው» ካለ ይወርዳል። ወሬው በየዕለቱ በቴሌግራፍ ይመጣል፤ እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሌ አመነታ። ካመነቱት አንዱ የካንሳሱ ሴናተር መሆኑ ሲሰማ የዊሎ ፎርድ ሰው ደሙ ፈላ።

ከሁሉ ይልቅ የፈላው ኦቤድ ስትረንክ ነበር። ኦቤድ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ትከሻው የበሬ፣ ሳቁ የሕፃን። በአንሰል ሠርግ በሬውን ያረደው እሱ ነው፤ ዋጋም አልተቀበለ። በጦርነቱ ጊዜ ግን የሚዙሪን ድንበር ተሻግረው የመጡ የደቡብ ሽፍቶች ሁለት ልጆቹን ከአልጋቸው አንሥተው፣ አባታቸውን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አስረው፣ ፊት ለፊቱ ረሸኗቸው። ከገዳዮቹ አንዱ አሁን ምሕረት አግኝቶ ድንበሩ ማዶ ስንዴውን እያጨደ ነው። ኦቤድ ይህንን ከሰማ ጀምሮ ያ የሕፃን ሳቁ ጠፋ።

ለሴናተሩ «ጥፋተኛ ነው በል» የሚል ቴሌግራም ለመላክ ከተማው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አንሰል ነበር። አንደበቱ ስለታም ነው፤ ሕዝብ ፊት ሲቆም ደግሞ የእንጨት እግሩን ወለሉ ላይ እየመታ መናገር ይወዳል።

«እኔ ለዚህች አገር እግሬን ሰጥቻለሁ!» አለ። ኳ! «ኦቤድ ልጆቹን ሰጥቷል!» ኳ! «ያ ከሃዲ ደግሞ የእኛን ደም ለገዳዮቻችን በስጦታ ያድላል! ከሃዲን የሚከላከል ሰው ከሃዲው የሚታነቅበት ገመድ ለሱም ይገባዋል!»

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሰዉ ሊፈርም ሲጋፋ ከመሐል ሊያንደር ተነሣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ።

«እኔ አልፈርምም» አለ።

«ምነው ዶክተር፣ እጅዎን አመመዎት?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

«ሰውየውን እጠላዋለሁ። ቢሞት ለቅሶውን አልደርስም። ግን ሰው ስለተጠላ ከሥልጣን አይወርድም። ሚኒስትር ማባረር ወንጀል መሆኑን አንድ ሰው ያስረዳኝና ልፈርም። ዛሬ እኛ ስለበዛን ያልወደድነውን ካወረድን፣ ነገ እነሱ ሲበዙ የእኛን ያወርዳሉ።»

ከግድግዳው ጥግ ጊዲየን የሚባለው አንጥረኛ ተናገረ። ጊዲየን ከሚዙሪ ባርነት አምልጦ የመጣ ጥቁር ነው፤ ሥራ ቤቱ ከአንሰል ኮርቻ ቤት አጠገብ ነው።

«ዶክተር፣ እርስዎ ነገ ይላሉ» አለ ረጋ ብሎ። «ወንድሜን ሜምፊስ ላይ ከነቤቱ ያቃጠሉት ትናንት ነው። ያ ሰውዬ እዚያ ወንበር ላይ እስካለ ድረስ ደቡብ ውስጥ የሚቀበረው የእኔ ወገን ነው።»

«ልክ ነህ ጊዲየን» አለ ሊያንደር። ድምፁ ዝቅ አለ። «ግን…»

«እኮ! ይቺ ‹ግን› የምትባል ቃል ሁልጊዜ እኛ ላይ ነው የምትወድቀው።»

ሊያንደር እዚያ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። እሱ ግን ውሸትም ዝምታም የማይሆንለት ሰው ነው። «ለማንኛውም ከጀርባ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት» አለ። «እኔ ለሴናተሩ የራሴን ቴሌግራም ልኬያለሁ። ኅሊናህን ተከተል ብዬዋለሁ።»

ኦቤድ ስትረንክ ከፊት ወንበር ተነሣ፤ ሳይቸኩል በመተላለፊያው መጣና በቡጢ አፉን አለው። ሊያንደር ሁለት አግዳሚ ወንበር ይዞ ወደቀ። ኦቤድ ጎንበስ ብሎ ደገመው፤ ሦስተኛው ላይ ጥርስ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ተሰማ። ፓስተሩ «በእግዚአብሔር ቤት! በእግዚአብሔር ቤት!» እያለ ይጮኻል። የሚገላግል አልነበረም።

አንሰልም ከመድረኩ አልወረደም። ቀለም ውስጥ የነከራትን ብዕር እንደያዘ ቆሞ አየ። ልቡ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር «ይበለው» ስትል ሰምቷታል።

ቤቱ ሲገባ ቴምፐራንስ ደም የነካው ጨርቅ ስታጥብ አገኛት።

«ሦስት ጥርስ» አለችው ሳትዞር። «ከንፈሩን ራሱ በመስታወት እያየ ሰፋው። አንተ የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«እዚያው! ጎሽ! እግር የለኝም እንዳትል፣ ለንግግር ስትወጣ አይቼሃለሁ።»

«ወንድምሽ ከእነማን ጋር እንደቆመ ታውቂያለሽ? የኦቤድን ልጆች ከረሸኑት ጋር ነው የቆመ!»

«ወንድሜ ከማንም ጋር አልቆመም፤ ብቻውን ነው የቆመው!» አለችና የባቄላውን ድስት ከምድጃው ላይ አንሥታ ወረወረችው። ጆሮውን ስቶት ግድግዳው ላይ ተፈረከሰ። ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሟ ቤት ሰነበተች።

በሳምንቱ የሊያንደር ፈረስ ጋጣዋ ውስጥ ታርዳ ተገኘች። አንሰል ሰምቶ ሄደና አያት። አንገቷ ላይ ያለው ስንጥቅ አንድ ወጥ ነው፤ መደጋገም፣ መጋዝ የለበትም። እንደዚያ የሚያርድ እጅ በከተማው አንድ ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ ሥጋ ቤት ሄደ።

«አንተ ነህ አይደል?»

ኦቤድ ጎድን እየከተፈ ነበር፤ ቀና አላለም። «ፈረስ ናት አንሰል። የእኔዎቹ ሰዎች ነበሩ።»

አንሰል እንጨት እግሩን ኳ ኳ እያደረገ ወጣ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ፍርዱ መጣ። አንሰል ሥራ ቤቱ ነበርና ከባቡር ጣቢያው በኩል ጩኸት ሰማ። ልጆች እየሮጡ ወሬውን በየበሩ ዘሩት፤ አንድ ድምፅ ጎደለ! ከሦስት እጅ ሁለት እጁ ሊሞላ አንዲት ድምፅ ጎደለች፤ ፕሬዚዳንቱ ዳነ፤ የካንሳሱ ሴናተር «ጥፋተኛ አይደለም» አለ።

አንሰል የሚሠራበትን ግንድ በእርግጫ ገለበጠው። ሊያንደርን ሰደበ፤ የወለደችውን ሰደበ፤ እሷ የቴምፐራንስም እናት መሆኗን ረስቶ። በዚያች ሰዓት ቢያገኘው ኖሮ ራሱ ያንቀው ነበር።

ውጭ የጥይት ተኩስ ወደ ሰማይ ይንጣጣል። ጥቂት ቆይቶ ጊዲየን በጎን በር ገባ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሂድ» አለው። «አማችህ ከባቡሩ የመጣ መድኃኒት ሊወስድ ጣቢያው ሄዶ ደርሰውበታል። ገመድ ይዘዋል።»

«ገመድ? የሴናተሩን የገለባ አሻንጉሊት ሊሰቅሉ ይሆናል እንጂ…»

«አሻንጉሊቱን ሰቅለው ጨርሰዋል» አለ ጊዲየን። «እኔ ገመድ የያዘ ሕዝብ ከዚህ በፊት አይቻለሁ። ፕሬዚዳንቱን ከእኔ በላይ የሚጠላው የለም፤ ሴናተሩንም እንደዚያው። ግን እኔ ልገላግል ብሄድ ሁለተኛውን ገመድ ለእኔ ነው የሚያመጡት። አንተ ነህ የምትችል። ሂድ አልኩህ!»

አንሰል የቆዳ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ወጣ። እንጨት እግር ለሩጫ አልተሠራም፤ በጠጠሩ ላይ ሁለቴ ወደቀ። ሽርጡ ኪስ ውስጥ ያለችው እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠች ቆዳ መቁረጫ ቢላዋ ጭኑን ትመታዋለች።

የከተማው ሕግ አስከባሪ ሸሪፉ የለም፤ ያን ጠዋት ሥራ አለኝ ብሎ ከከተማ ወጥቷል። ባቡሩ ውኃ የሚሞላበት ትልቅ የእንጨት በርሜል ከሐዲዱ አጠገብ በምሰሶዎችና በወራጅ ላይ ተቀምጧል፤ ሰዉ ከዚያ ሥር ተሰብስቧል። የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ዳቦ ጋጋሪው አለ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩት አሉ፤ ኮርቻ የሰፋላቸው አሉ። ዓይናቸው ግን የሚያውቀው አልነበረም። የመድኃኒቱ ሣጥን ተፈጥፍጦ ጠርሙሱ መሬቱን አልብሶታል፤ ሊያንደር በጉልበቱ እዚያ ስብርባሪ ላይ ተንበርክኳል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ የተሰፋው ከንፈሩ እንደገና ተቀዷል። እጆቹ ወደ ኋላ ታስረዋል፤ አንገቱ ላይ ገመድ አለ። ገመዱ በወራጁ ላይ ተጥሎ ሌላው ጫፉ ኦቤድ እጅ ላይ ተጠምጥሟል።

«ኦቤድ!» አለ አንሰል ሰዉን በክርኑ እየገፋ። «በቃ! ደብድባችሁታል፤ ይብቃው። ልቀቀው።»

«መጣህ? ጥሩ፤ ከኋላዬ ያዝ» አለ ኦቤድ።

«ልቀቀው አልኩህ!»

«አንተው አይደለህ እንዴ ያልክ?» ኦቤድ ዞሮ አየው። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ እንደ ደከመው ሰው ነበር። «ከሃዲን የሚከላከል የከሃዲው ገመድ ይገባዋል ያልክ አንተ ነህ። እግርህን እየመታህ። እኔ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ አንተ የተናገርከውን ነው የምሠራ።»

«ልክ ነው!» አለ ሰዉ። «አንሰል ነው ያለው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል እንዲህ ነው። አንሰል የገዛ ቃሉ ከሃምሳ አፍ ሲመለስበት ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። «ለንግግር ያልኩት ነው» አለ፤ «ለንግግር ነው፣ ሰዎች…»

«ሁላችሁም ለንግግር ናችሁ» አለ ኦቤድና ጎተተ። ከኋላው ሦስት ሰዎች አብረው ጎተቱ። ሊያንደር ከጉልበቱ ተነሣ፤ ቆመ፤ በጣቶቹ ጫፍ ቆመ፤ ከዚያ ጫማው መሬቱን ለቀቀ። እግሮቹ አየሩን ይራገጣሉ፤ ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ የሰው ድምፅ አልነበረም።

አንሰል ቢላዋውን አውጥቶ ገመዱን ሊቆርጥ ዘለለ። አንድ ሰው ገፈተረው፤ እንጨት እግሩ በተሰበረው ጠርሙስ ላይ አንሸራተተችና በጀርባው ወደቀ። ተነሥቶ ገመዱ ጋ መድረስ አይችልም። ከላይ የሊያንደር ፊት ጥቁር እየሆነ ነው፤ ምላሱ ወጥቷል። ፊት ለፊቱ ያለው የኦቤድ ጭን ብቻ ነበር፤ እየተወጠረ፣ እየጎተተ።

አንሰል ቢላዋውን እዚያ ጭን ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ከብሽሽቱ በታች ሳበው። ወፍራም ቆዳ በአንድ ጊዜ ለመቅደድ የለመደ እጅ ነው።

ደሙ ፊቱ ላይ ፈነዳ። ኦቤድ አልጮኸም፤ «ኧ» ብሎ ቁልቁል አየ። ገመዱ ከእጁ አመለጠ፤ ከኋላው የነበሩት ሦስቱ ደሙን ሲያዩ ለቀቁ። ሊያንደር እንደ እህል ጆንያ ወደቀ። አንሰል እየዳኸ ደርሶ የአንገቱን ቋጠሮ ላላ አደረገለት፤ እጁንም ፈታው። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። ገመዱን ሲጎትት የነበረው ሕዝብ አሁን የሚይዘው ነገር ጠፍቶት እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

ሊያንደር እንደ ዓሣ አፉን እየከፈተ አየር ሳበ፤ ሳለ፤ ደም ተፋ። ከዚያ በአንድ ዓይኑ የኦቤድን ጭን አየ። ገመዱ አንገቱ ላይ እንዳለ በአራት እግሩ እየዳኸ ሄደና ሁለት አውራ ጣቱን ቁስሉ ውስጥ ከተተ። መናገር አልቻለም፤ በዓይኑ ብቻ ለአንሰል ቀበቶውን አሳየው። አንሰል ገባው፤ ጦር ሜዳ ላይ እሱንም እንደዚያ ነበር ያሰረው። ቀበቶውን ፈታ።

ኦቤድ ግን የማን እጅ እንደሆነ አየ።

«እጅህን አንሣ» አለው።

ሊያንደር ራሱን ነቀነቀና አጥብቆ ያዘ።

«እጅህን አንሣ አልኩህ! የከሃዲ እጅ አይነካኝም!» ኦቤድ ግዙፍ እጁን ሰንዝሮ አፍንጫውን መታው፤ ሌላው እጁ የአንገቱን ገመድ ጨምድዶ ወደ ጎን ጎተተው። አውራ ጣቶቹ ከቁስሉ ተነቀሉ። አንሰል «ኦቤድ፣ ስለ እግዚአብሔር! ትሞታለህ!» እያለ ቀበቶውን ሊያስር ታገለ፤ ኦቤድ ባልቆሰለው እግሩ ደረቱን ብሎ ጣለው። የታገሉት ለአፍታ ነው። በዚያች አፍታ ውስጥ ደሙ አለቀ። ኦቤድ ፊቱ እንደ ሰም ነጣ፤ የልጆቹን ስም ጠራ፤ አንዱን ብቻ ሙሉውን ጠራ።

አንሰል እዚያው ተቀምጦ ሸሪፉን ጠበቀ።

ያን ሰሞን የኦቤድ ወንድም ኮርቻ ቤቱን አቃጠለው። ጊዲየን እሳቱ ውስጥ ገብቶ ዕቃውን ሲያወጣ ክንዱ ተጠብሷል። አንሰል ይህን የሰማው እስር ቤት ሆኖ ነው፤ የነገረው ሊያንደር ነበር። ሊያንደር አንገቱ ዙሪያ ያልጠገገ ቁስል ይዞ መጥቶ ከብረቱ ማዶ ተቀመጠ። ጉሮሮው ተጎድቶ ድምፁ ሹክሹክታ ሆኖ ቀርቷል፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻም አልተመለሰም።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለው አንሰል። «ልክ ስለሆንክ አይደለም ያዳንኩህ። አሁንም ተሳስተሃል። ያ ሰውዬ መውረድ ነበረበት።»

ሊያንደር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ጮክ በል፤ አይሰማም።»

«አልችልም» አለ በሹክሹክታው። «የአንተ ፓርቲ ጉሮሮዬን ይዞኛል።»

«የአንተም ፓርቲ ነው!» አለ አንሰል፤ ሳያስበው ሳቀ። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተለወጠበትና ብረቱን ይዞ ተንሰቀሰቀ። «በሠርጌ በሬ ያረደልኝን ሰው» አለ። «ሊያንደር፣ በሠርጌ በሬ ያረደልኝን ሰው እንደ በሬ አረድኩት።»

ሊያንደር በብረቱ መሐል እጁን አስገብቶ ትከሻውን ያዘው። አላጽናናውም፤ የሚያጽናና ነገር አልነበረም።

ፍርድ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ምስክሮቹ ሁሉ አንሰል ኦቤድን በተንኮል ከሥር እንደወጋው ተናገሩ። ገመዱን ማን ይጎትት እንደነበር ሲጠየቁ ግን ያየ ጠፋ፤ ገመዱ ራሱን የጎተተ ይመስል። ሊያንደር በሹክሹክታ ሲመሰክር ዳኛው ሰዉን ደጋግሞ ዝም ማሰኘት ነበረበት። ሳያስብ ነፍስ አጥፍቷል ተባለና ሦስት ዓመት ተፈረደበት። በተከሰሰው ፕሬዚዳንት ምትክ ሌላ ሰው ሲመረጥ እስር ቤት ሆኖ ሰማ፤ ማን ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ጫማ እየሰፋ ጨረሰ።

ሲፈታ ቴምፐራንስና ሊያንደር በጋሪ መጥተው ወሰዱት። እሷ በየወሩ ትጠይቀው ስለነበር ብዙ አላለቀሰችም፤ ፀጉሩን ብቻ በእጇ ዳበሰችና «ሸብተሃል» አለችው። ሁለቱ ወንዶች ገና ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ ስለዚያው ስለ ፕሬዚዳንቱ ጀመሩ፤ አንዱ እየጮኸ፣ አንዱ እየተንሾካሾከ። እሷ መሐላቸው ተቀምጣ ልጓሙን ይዛ ነበር። «አንድ ቃል ብትጨምሩ ሁለታችሁንም እዚሁ ሜዳ ላይ ነው የማወርዳችሁ» አለች።

ከተማው ሲደርሱ አንሰል በእግሬ ልግባ ብሎ ወረደ። የሚያውቁት ሰዎች መስኮት ዘጉ፤ ጥቂቶቹ ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉ። ጊዲየን ከአንጥረኛ ቤቱ ወጥቶ በተጠበሰው ክንዱ ሰላም አለው። አንሰል ወደ ፊት ሄደ። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ የኦቤድ ሚስት ሎቪና ወጣች። ሽርጧ ደም ነክቶታል፤ መክተፊያው እጇ ላይ ነው። ሥራውን አሁን የምትሠራው እሷ ናት።

አንሰል ባርኔጣውን አወለቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሊላት ያዘጋጀው ነገር ነበር፤ ከአፉ አልወጣም።

ሎቪና ለረጅም ጊዜ አየችው። መክተፊያውን አላነሣችም፤ አላስቀመጠችም።

«የምትሄድበት አለህ?» አለችው።

«ቤቴ።»

«እንግዲያው በኋላ በኩል ሂድ» አለች። «በዚህ መንገድ ኳ ኳ ሲል አልስማ።»

አንሰል ባርኔጣውን ሳያደርግ ዞረ። የኋላው መንገድ በወንዙ ዳር የሚዞር፣ ጭቃና ድንጋይ የበዛበት፣ ለእንጨት እግር የማይመች ነው። እስኪሞት ድረስ በዚያ ሄደ።